ከጓዳ የሚወጣ ቲሸርት

በአዲስ አበባ ቲሸርት አሳትሞ በኦንላይን የመሸጥ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ የለውም። ያለው ስማርት ስልክ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠ ሂት ፕሬስ የተባለ በሙቀት መጫኛ መሣሪያና ከመርካቶ በማዳበሪያ የመጣ፣ ገና ምንም ያልታተመበት ቲሸርት ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን ጽሑፍ ወይም ፎቶ ይልካል፤ ሻጯ አስተካክላ መልሳ ታሳየዋለች፤ ሲስማሙ ቀብድ ይከፈላል፤ ቲሸርቱ ይታተምና በሞተረኛ ይላካል። ማምረቻው፣ መጋዘኑና ቢሮው ልጅ የሚታጠብበት፣ ወጥ የሚሠራበትና እንግዳ የሚስተናገድበት ያው ቤት ነው። የሥራው ጥቅምም ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወደዚህ ሥራ የሚገቡት ሰዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ግራፊክስ የሚችል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ማታ ማታ የሚሠራ አባወራ አለ። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። የልጅ ማቆያ ክፍያ፣ የሞግዚት ደመወዝና የትራንስፖርት ወጪ ሲደመር ከደመወዟ የሚተርፈው ጥቂት የሆነባት እናት ቤቷ ሆና የምትሠራውን ብትፈልግ አይገርምም። «ልጄን እያየሁ እሠራለሁ» የሚለው ተስፋ ብዙዎችን ወደ ቲሸርት ሥራ ያመጣል። ተስፋው በከፊል እውነት ነው፤ በየትኛው ጎኑ እንደሚሳሳት ማወቅ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ይሻላል።

መጀመሪያ የሚታወቀው ነገር የሚታዘዝ ቲሸርት ቀን ያለው ዕቃ መሆኑ ነው። ነጠላም ሆነ ጫማ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ የምኒልክና የጣይቱ ምስል ያለበት የዓድዋ ቲሸርት ግን የካቲት 24 ቀን ቢደርስ ያዘዘው ሰው አይወስደውም። የዓመቱ ትዕዛዝ የሚመጣው በዓልን ተከትሎ ነው። በመስከረም እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ። በጥር የየደብሩ ወጣቶች በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፉ የሚለብሱትን አንድ ዓይነት ቲሸርት ያዛሉ። በየካቲት ዓድዋ፣ ከሰኔ እስከ ሐምሌ ደግሞ የተመራቂ ተማሪዎች ቲሸርት ይከተላል። ከዚህ ሌላ የልደት፣ የሠርግ፣ የመሥሪያ ቤትና የሠፈር ኳስ ቡድን ትዕዛዝ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ከተማው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ አደባባይ መውጣትን እንዲለምድ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል፤ በሩጫው ቲሸርቱ የመሳተፊያ ማረጋገጫም ጭምር ነው።

ከሁሉም ከባዱ የለቅሶ ትዕዛዝ ነው። ሟች በተቀበረበት ቀን ወይም በአርባው ቤተሰቡ ፎቶውን ያተመ ቲሸርት መልበሱ በከተማው እየተለመደ መጥቷል። ቀብር አይጠብቅምና ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ስልኩ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሊጮህ ይችላል፤ የሚላከው ፎቶ ከግድግዳ ላይ በስልክ የተነሣ፣ ብርሃን የመታው፣ የደበዘዘ ነው፤ የሚልከው ሰው ደግሞ እያለቀሰ ነው። ለዚህ ሰው «ዋጋው በኢንቦክስ» ብሎ መመለስ አይቻልም። ሻጯ ፎቶውን ታጠራለች፤ የክርስትና ስሙንና የተወለደበትን ዓመት ደግማ ታረጋግጣለች፤ በማለዳ ማተሚያ ቤት ትደርሳለች። ስም የተሳሳተበት የልደት ቲሸርት ቢያስቅም ይታለፋል፤ ስም የተሳሳተበት የለቅሶ ቲሸርት ግን በቤተሰቡ ዘንድ ሳይረሳ ይኖራል። ሥራውን በቁም ነገር የያዙ ሻጮች ለዚህ ዓይነቱ ትዕዛዝ ከትርፋቸው ይቀንሳሉ። ከእንቅልፍ የሚወስደው ሰዓት ግን እንደ ሌላው ትዕዛዝ ሁሉ መታሰብ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መድረስ ይቻላል። ትዕዛዝ የሚበዛበት ሳምንት የቤቱም ሥራ የሚበዛበት ሳምንት ነው። የከተራ ዋዜማ ይታሰብ። ነገ ታቦት ይወጣል፤ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች 40 ቲሸርት ዛሬ ማታ ይጠብቃሉ። በዚያው ቤት ሽንኩርት ይከተፋል፤ ጠላው ገና አልተጣራም፤ የልጆቹ ነጭ ልብስ አልተተኮሰም፤ አማትና ዘመድ ለበዓል ይመጣሉ። ትልቁ ልጅ «እማዬ፣ ስልክሽ እየጮኸ ነው» ይላል፤ ትንሹ የታጠፉትን ቲሸርቶች ደርድሮ ይቀመጥባቸዋል። እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ ሲሰካ ሂት ፕሬሱ መነቀል አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ ለቤት የሚሆን ሂት ፕሬስ ደግሞ 1,500 ዋት ገደማ፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገጥሙ ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ በየበዓሉ ዋዜማ የሚደገም ነገር ነው፤ እናትየዋ ስላልጎበዘች የሚመጣም አይደለም። በዓል ገበያም ድግስም በአንድ ቀን ያመጣል፤ የድግሱ ሥራ ደግሞ በልማድ በሴቷ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ንግድ ከቤተሰብ ጋር ማስኬድ የሚቻለው የበዓሉን ሳምንት ቀድሞ ባዶ በማድረግ ነው። ለጥምቀት የሚሆን ትዕዛዝ መቀበል የሚቆምበት ቀን ከገና በፊት በቻናሉ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ሁሉ ምንም ያህል ቢለምን እንደማይስተናገድ ወይም በተጨማሪ ዋጋ ብቻ እንደሚስተናገድ መታወቅ አለበት። ደንበኛ እንዳይቀየም ሲባል ቀኑ አንዴ ከተጣሰ በሚቀጥለው ዓመት የሚያከብረው አይኖርም።

የኅትመቱን ዘዴ መምረጥም ቤቱን ማየት ይጠይቃል። ለረጅም ጊዜ የቆየው ስክሪን ፕሪንት ነው። በፍሬም ላይ በተወጠረ መረብ ውስጥ ቀለም በላስቲክ ተገፍቶ ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ያስፈልጋል። ለ200 ቲሸርት ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ለ3 ቲሸርት ግን ዝግጅቱ ከሥራው ይበልጣል። የቀለሙና የማጠቢያው ሽታም ሕፃን ለሚተኛበት ቤት አይሆንም። ሰብሊሜሽን የሚባለው ዘዴ ቀለሙን በሙቀት ወደ ክሩ ውስጥ ያስገባል፤ የሚይዘው ግን ፖሊስተር በሆነና ፈዛዛ ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ ነው፤ ጥቁር የጥጥ ቲሸርት ላይ አይሠራም። ዛሬ የቤት ሻጮች በብዛት የሚጠቀሙበት ዲቲኤፍ ነው። ሥዕሉ በልዩ ፊልም ላይ ይታተማል፤ የሚቀልጥ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ፊልሙ ቲሸርቱ ላይ ተደርጎ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫናል። በጥጥም በፖሊስተርም፣ በጥቁርም በነጭም ይይዛል።

ዲቲኤፍ ለቤት የሚመቸው በሁለት ስለሚከፈል ነው። ውዱ ማተሚያ፣ ቀለሙና ዱቄቱ ማተሚያ ቤት ይቀራሉ፤ ቤት የሚገባው የታተመው ፊልምና ሂት ፕሬሱ ብቻ ነው። ፊልሙ በሜትር ይሸጣል። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጥቅል ላይ ወርዳቸው 28፣ ቁመታቸው 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 6 ሥዕሎች በአንድ ሜትር ይገባሉ። አንድ ሥዕል ብቻ ይዞ ማተሚያ ቤት መሄድ የሜትሩን ዋጋም የመንገዱን ጊዜም ያባክናል፤ ስለዚህ ትዕዛዞች እስኪጠራቀሙ ጠብቆ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ማሳተም ብልህነት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ሲሆን ፋይሉን ወደ ምስል ቀይሮ መላክ ያስፈልጋል፤ ፎንቱ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል። እንደ ጨ፣ ጠ እና ኘ ያሉ ፊደላት በትንሹ ሲታተሙ ክፍተታቸው ይደፈናልና ለደረት ኪስ የሚሆን ጽሑፍ አጭርና ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ቲሸርቱ ራሱ በክብደቱ ይለካል። በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 180 ግራም የሆነ ጥጥ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ከዚያ በጣም የሳሳው ከሁለት እጥበት በኋላ ይጣመማል፤ ነጩም ሰውነት ያሳያል። ከአንድ ማዳበሪያ የወጡ ሁለት ኤል ቁጥሮች እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ በሜትር ለክቶ የደረቱን ስፋትና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ለደንበኛው መላክ ብዙ የ«ጠበበኝ» ንግግር ያስቀራል። ደንበኛው ከተጫነ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳያጥብ እንዲያቆየው፣ ገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ እንዲያጥበው፣ ሥዕሉ ላይ ካውያ እንዳያሳርፍ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ይላካል።

ሂት ፕሬስ ልጅ ባለበት ቤት እንደ ካውያ ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባም። ከጠፋም በኋላ ሳህኑ ረጅም ጊዜ ይፋጃል፤ ሲከፈት የጋለው ፊት ልክ በትንሽ ልጅ ፊት ቁመት ላይ ሊሆን ይችላል። መቀመጥ ያለበት ልጅ በማይደርስበት ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ገመዱ መሬት ሳይጎተት፣ መስኮት አጠገብ ነው። መጫን ያለበትም ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ወይም ከተኙ በኋላ ነው። «ልጄን እያየሁ» የሚለው ተስፋ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሕፃን ታቅፎ በ160 ዲግሪ መሥራት አይቻልም። መልእክት መመለስ፣ ማጠፍና ማሸግ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ይሠራል፤ ዲዛይንና ማተም ግን ለብቻው የተከለለ ሰዓት ይጠይቃል። ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ለዚህ ከተያዘ በዚያ ሰዓት የሚመጣ የጎረቤት ቡና እንኳ በትሕትና ሊተላለፍ ይገባል። መብራት በዚያው ሰዓት ከጠፋ ቀኑ ይዘበራረቃል፤ ለዚህም ለመላኪያ ቀን ቢያንስ የአንድ ቀን ትርፍ ጊዜ መያዝ ግድ ነው።

ዋጋ አወጣጥ ላይ ብዙ ቤቶች ይከስራሉ፤ የሚከስሩትም ሳያውቁት ነው። ለስሌት ያህል ቲሸርቱ 400 ብር፣ ኅትመቱ 150፣ ማሸጊያው 20 ብር ቢሆን ወጪው 570 ብር ነው። በ800 ቢሸጥ 230 ብር የተረፈ ይመስላል። ከአሥሩ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢመለስ ግን ለእያንዳንዱ 57 ብር ይቀነሳል፤ የቀረው 173 ነው። ለዚያች አንድ ቲሸርት በመልእክት ልውውጥ 30 ደቂቃ፣ በዲዛይን 30፣ ማተሚያ ቤት ለመመላለስ ከሌሎች ጋር ተካፍሎ 20፣ በመጫንና በማሸግ 10 ደቂቃ ከሄደ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ በሰዓት ወደ 115 ብር ማለት ነው። አሁን ደግሞ 10 ተመሳሳይ ቲሸርት በ720 ሒሳብ ይታዘዝ። የአንዱ ብልሽት ከተቀነሰ በኋላ 930 ብር ይተርፋል፤ ሥራው ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ በሰዓት ወደ 372 ብር ይሆናል። ቅናሽ ተደርጎም የቡድን ትዕዛዝ ለእናትየዋ ጊዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል። ጊዜዋን ዜሮ ብር ብላ የምታስብ ሴት ይህን ልዩነት ልታየው አትችልም፤ ነጠላ ትዕዛዝ እያሳደደች ሌሊቷን ትጨርሳለች። የራስን ሰዓት በዋጋ ውስጥ ማስገባት ስግብግብነት የሚመስላቸው አሉ። ያ ሰዓት ከልጅ ጥናት ወይም ከእንቅልፍ ተወስዶ የተሰጠ ነው፤ ዋጋ ሊኖረው ይገባል።

መነሻው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቁብ ወይም ከወርቅ ሽያጭ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ቲሸርት፣ ፊልምና ቀለም ዋጋ ተቀያያሪ ሆኗል። ከሦስት ወር በፊት የተለጠፈ ዋጋ ዛሬ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል፤ «ዋጋው ለዚህ ሳምንት የሚሠራ ነው» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀብዱ ቢያንስ የቲሸርቱንና የኅትመቱን ወጪ መሸፈን አለበት፤ ስም የታተመበት ቲሸርት ሌላ ገዢ የለውምና።

ክፍያውን ያቀለለው የስልክ ገንዘብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ በኋላ ቀብድ ለመቀበል ባንክ መሰለፍ ቀርቷል። አብሮት የመጣው ችግር የሐሰት ስክሪንሻት ነው። የተላከ ምስል ክፍያ አይደለም፤ ገንዘቡ በራሷ ሒሳብ መግባቱን ሳታይ ዕቃ ለሞተረኛ ያስረከበች ሻጭ ሁለቱንም ታጣለች። የንግዱና የቤቱ ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ሲደባለቅ ደግሞ ሌላ ኪሳራ ይመጣል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ከደንበኛ ቀብድ ይከፈልና የቲሸርት መግዣ ይጠፋል። ለንግዱ የተለየ ሲምና ሒሳብ መያዝ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ያ ሲም ማታ ሊዘጋም ይችላል፤ ለቤተሰቡ ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው።

በቤት ውስጥ ሥራውን ማን ይካፈላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ባል «ሲመቸኝ አግዝሻለሁ» ካለ የሚመቸው ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ከመርካቶ ዕቃ ማምጣት ወይም ማክሰኞና ዓርብ ልጆቹን ማስጠናት የእሱ ድርሻ ተብሎ ቢያዝ ግን ሁለቱም ያውቁታል። የቤት ሠራተኛዋ ቲሸርት እንድታጥፍና እንድታሽግ ሲደረግ ለቤት ሥራ በተቀጠረችበት ደመወዝ ላይ አዲስ ሥራ እየተጨመረባት ነው፤ ክፍያ ሊጨመርላት ይገባል። ጥናቱን ጨርሶ የሚያግዝ ታዳጊ ልጅም ትንሽም ቢሆን ድርሻ ቢሰጠው የሥራን ዋጋ ይማርበታል፤ ከጥናቱ ተነሥቶ እንዲያሽግ ማድረግ ግን ትክክል አይደለም።

ሕጉም ቤቱ ድረስ ይመጣል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በቴሌግራም መሸጥ ከዚህ ነጻ አያወጣም። ፈቃድና ደረሰኝ ያላት ሻጭ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ትዕዛዝ ማግኘት ትችላለች፤ ትልልቆቹ ትዕዛዞች ያሉትም እዚያ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሥዕልንና ግጥምን የሠራው ሰው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት፣ ፎቶን ግን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ከኢንተርኔት የወረደ የሠዓሊ ሥራ አትሞ መሸጥ የሰው ላብ መውሰድ ነው፤ ሠዓሊውን ፈልጎ ማስፈቀድና ማካፈል ይቻላል።

በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሥራውን በሌላ መንገድ ይሠሩታል። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለች እናት ዲዛይኗን በኢንተርኔት ብቻ ጭና ኅትመቱንና መላኩን እንደ ፕሪንትፉል ላሉ ድርጅቶች ትተዋለች፤ ቤቷ ፕሬስም ማዳበሪያም አይገባም። ትርፉ ከእያንዳንዱ ቲሸርት ትንሽ ቢሆንም የሚወስድባት ጊዜ የዲዛይኑ ብቻ ነው። ለእሷም ቢሆን ቀን አለ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየበጋው የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ሲደርስ ባንዲራና የግዕዝ ፊደል ያለበት ቲሸርት ይፈለጋል።

በአንድ መድረክ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋ እንዳለው ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ታይቷል፤ በእነዚያ ወራት ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው ነበር፤ ቪፒኤን የማይጠቀም ደንበኛ ቻናሉን ማየት አልቻለም። የደንበኞችን ስልክ ቁጥር፣ የለበሱትን ቁጥርና ያዘዙበትን በዓል በደብተር የመዘገበች ሻጭ ደውላ ልትሸጥ ትችላለች። ያ ደብተር በሚቀጥለው ዓመት ከበዓሉ ወር አስቀድሞ ለማስታወስም ያገለግላል።

ይህን የሚያነብና በሚቀጥለው በዓል ለማኅበሩ፣ ለቡድኑ ወይም ለቤተሰቡ ቲሸርት ሊያሳትም ያሰበ ሰው ሦስት ነገር ቢያደርግ ሥራው ለሁሉም ይቀላል፦ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይዘዝ፤ ስሞቹን አንድ ሰው አንብቦ ካረጋገጣቸው በኋላ በአንድ መልእክት ይላክ፤ ቀብዱን በዕለቱ ይክፈል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሚላክ ጥያቄ መልሱ በማግስቱ ጠዋት ቢመጣም ይታገሥ።